ፍጥነትና ነጂ፦ የስፖርት መኪና ገዢዎች ቀርፋፋውን ለምን መረጡ?



የዛሬው ንግግሬ ስለ መኪና ነው። የታሪክ መምህር ስለ ስፖርት መኪና ሊናገር መቆሙ አንዳንዶቻችሁን ፈገግ እንዳሰኛችሁ ከዚህ ሆኜ አያለሁ። እኔም ርእሱን ስመርጥ ጥቂት አመንትቼ ነበር። ይሁንና በቴክኖሎጂ ታሪክ ትምህርት ለብዙ ዓመታት ሳስተምረው የኖርሁትን አንድ ሐሳብ እንደ ገና እንድመረምር ያስገደደኝ ይኸው የመኪና ታሪክ ነውና፣ ስሕተቴን ባገኘሁበት ስፍራ መናገሩ ተገቢ መሰለኝ። ሐሳቡ ይህ ነበር፦ ሁለት መሣሪያዎች አንድ ሥራ ሲሠሩ፣ ፈጣኑ ውሎ አድሮ ቀርፋፋውን ከገበያ ያስወጣዋል፤ ቀርፋፋውን ይዘው የሚቀሩ ሰዎች ወይ አቅም ያነሳቸው ናቸው፣ ወይ ትዝታ የያዛቸው። የምጠቅሳቸው ዓመታት፣ ለይቼ ካልገለጽሁ በቀር፣ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

መነሻዬ መጋቢት 1989፣ የብራዚል ከተማ ሪዮ ዴ ጃኔሮ ነው። እንግሊዛዊው ናይጀል ማንሰል ለፌራሪ ቡድን የመጀመሪያ ውድድሩን ሊያደርግ ቀርቧል። የያዛት መኪና ፌራሪ 640 ትባላለች፤ የነደፋት ጆን ባርናርድ ነው። የማርሽ ዘንግ የላትም። በመሪው ጀርባ፣ በግራና በቀኝ፣ በጣት የሚሳቡ ሁለት ማንሻዎች አሉ፤ አንዱ ማርሽ ይጨምራል፣ ሌላው ይቀንሳል። ፍሪሲዮኑን የሚይዘውና የሚለቀው በኤሌክትሮኒክስ የሚታዘዝ የዘይት ግፊት ነው። በልምምድ ወቅት ይህ አዲስ ካምቢዮ ደጋግሞ ይበላሽ ስለ ነበር ቡድኑ ራሱ መኪናዋ ውድድሩን ትጨርሳለች ብሎ ተስፋ አላደረገም። ማንሰልም ቀደም ብሎ ወደ አገሩ የሚመለስበትን በረራ ይዞ እንደ ነበር ራሱ አውስቷል። በረራው አለፈው፤ ውድድሩን አሸነፈ።

የዚያን ቀን ምን እንደ ተለወጠ ለመረዳት፣ ከዚያ በፊት ነጂው ምን ይሠራ እንደ ነበር ማስታወስ ያስፈልጋል። ወደ መታጠፊያ ሲቃረብ በግራ እግሩ ፍሪሲዮን ይረግጣል፤ ቀኝ እጁን ከመሪው አንሥቶ ማርሽ ይቀንሳል፤ በቀኝ እግሩ ፊት ፍሬን እንደ ያዘ በዚያው እግር ጎን ወይም ተረከዝ ነዳጅ ቆንጠር አድርጎ ሰጥቶ የሞተሩን ዙር ከጎማዎቹ ዙር ጋር ያስተካክላል። ይህን ሁሉ አንድ ሰከንድ በማይሞላ ጊዜ፣ በውድድሩ ሁሉ ደጋግሞ ማድረግ ነበረበት። ከተሳሳተ ሞተሩ ከአቅሙ በላይ ይዞርና ይፈርሳል፤ ወይም የኋላ ጎማዎቹ ተቆልፈው መኪናው ይሽከረከራል። የባርናርድ ማንሻዎች ይህን ሁሉ ወደ አንድ የጣት ንክኪ አወረዱት። በጥቂት ዓመታት ውስጥ ተፎካካሪዎቹ በሙሉ ተከተሉት። እስከዚህ ድረስ ታሪኩ ካስተማርሁት ጋር ይስማማል።

በ1992 ግን ነገሩ ሌላ መልክ ያዘ። ያው ማንሰል ወደ ዊልያምስ ተመልሶ፣ ኮምፒዩተር ከመሬት ያላትን ከፍታ በየቅጽበቱ የሚያስተካክልላትን፣ ጎማዎቿ ያለ ፋይዳ እንዳይሽከረከሩ የሚቆጣጠርላትን መኪና ይዞ ዘጠኝ ውድድር በማሸነፍ የዓለም ሻምፒዮን ሆነ። ዓለም አቀፉ የአውቶሞቢል ፌዴሬሽን ከ1994 የውድድር ዘመን ጀምሮ እነዚህን የነጂ ድጋፎች ከለከለ። ወጪው አንዱ ምክንያት ነበር፤ ሌላው ግን ያሸነፈው ሰውዬው ነው ወይስ መሣሪያው የሚለው ጥያቄ ነው። የጎማ መሽከርከር መቆጣጠሪያው በ2001 እንደ ገና ተፈቀደ፤ በ2008 ዳግመኛ ተከለከለ። የማርሽ ማንሻዎቹ ግን አልተነኩም። ይህ ማመንታት ለእኔ ከሕጉ ይበልጥ ይናገራል፦ ነጂው ምን ያህል ሥራ ይተውለት የሚለውን ጥያቄ ፈጣኑን መሐንዲስ በመጠየቅ ብቻ መመለስ አልተቻለም።

ሆኖም ውድድር በሕግ የሚገዛ ነው፤ ማስረጃነቱ የተወሰነ ነው። ገዢ በገንዘቡ፣ ማንም ሳያስገድደው፣ ሲመርጥ ማየት ይሻላል። ስለዚህ ወደ መንገድ እንውጣ።

ፌራሪ ማንሻዎቹን በ1997 በኤፍ 355 መኪናው ላይ ለደንበኛ አቀረበ። በ2002 የወጣው ኤንዞ ከነጭራሹ በማርሽ ዘንግ አልተሠራም። ጉዳዩን የቋጨው ግን ባለ ሁለት ፍሪሲዮን ካምቢዮ ነው። አሠራሩ በቃል ሲነገር ቀላል ነው፦ ጎዶሎ ቁጥር ያላቸው ማርሾች በአንድ ፍሪሲዮን፣ ሙሉ ቁጥር ያላቸው በሌላ ፍሪሲዮን ይያዛሉ። መኪናው በሦስተኛ ማርሽ ሲሄድ አራተኛው አስቀድሞ ገብቶ ይጠብቃል፤ አንዱ ሲለቅ ሌላው ይይዛል፤ ኃይል ለቅጽበት እንኳ አይቋረጥም። ሐሳቡን በ1930ዎቹ ያፈለቀው በሩሲያው ዛር በዳግማዊ ኒኮላስ የመኪና ጋራዥ መሐንዲስ የነበረው ፈረንሳዊው አዶልፍ ኬግሬስ ነው። ፖርሽ በ1980ዎቹ በውድድር መኪኖቹ ፈተነው፤ ፎልክስቫገን በ2003 ለገበያ አወጣው፤ በ2008 ፖርሽ 911 ላይ ደረሰ። የትኛውም ሰው፣ የቱንም ያህል ቢሠለጥን፣ ይህን ካምቢዮ በእጁ ሊቀድመው አይችልም።

አሁን ወደ ምሽቱ ዋና ጉዳይ ደርሻለሁ። በመጋቢት 2013 ፖርሽ አዲሱን 911 ጂቲ3 በጄኔቫ አሳየ። ጂቲ3 ከ1999 ጀምሮ የሚሠራ፣ ባለቤቱ ቅዳሜና እሑድ ወደ ውድድር ሜዳ ይዞት ሄዶ ሲበቃው በዚያው ወደ ቤቱ የሚመለስበት መኪና ነው። እስከዚያ ዓመት ድረስ በእጅ ማርሽ ብቻ ነበር የሚሠራው። አዲሱ በባለ ሁለት ፍሪሲዮን ካምቢዮ ብቻ መጣ፤ በእጅ ማርሽ እፈልጋለሁ ላለ ሰው ምርጫ አልቀረበለትም። የመሐንዲሶቹ አመክንዮ የሚነቀፍበት ቀዳዳ አልነበረውም። መኪናው የተሠራው ለሜዳ ነው፤ የሜዳ ዳኛ ሰዓት ነው። 475 የፈረስ ጉልበት ያለው ሞተር በደቂቃ 9,000 ዙር ይዞራል፤ ከቆመበት ተነሥቶ በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር ለመድረስ 3.5 ሰከንድ ይበቃዋል፤ አስቸጋሪውን የጀርመን የኑርቡርግሪንግ ሜዳ ከ7 ደቂቃ ከ30 ሰከንድ በታች ዞሮታል። ከቀዳሚው ጋር በቁጥር ሲመዘን የሚያንስበት ነገር ማግኘት ያስቸግራል።

የታማኝ ደንበኞች ቅሬታ ግን ወዲያው ተነሣ። ያሉት «ቀርፋፋ ነው» አይደለም። ያሉት ሥራችንን ወሰዳችሁብን ነው። በዚያን ጊዜ ይህን ሳነብ፣ እውነቱን ልናገርና፣ ናቅሁት። ትዝታ የያዛቸው ሀብታሞች ብዬ አለፍሁት።

በ2016 ፖርሽ 911 አር የሚባል መኪና አወጣ። የሞተሩ ኃይል 500 የፈረስ ጉልበት ነው፤ ይኸው ሞተር ጂቲ3 አርኤስ በሚባለው ወንድሙ ላይም አለ። አርኤሱ ባለ ሁለት ፍሪሲዮን ካምቢዮ ይዞ 100ን በ3.3 ሰከንድ ይደርሳል፤ አሩ በስድስት የእጅ ማርሽ 3.8 ሰከንድ ይፈጅበታል። አንድ ሞተር፣ ግማሽ ሰከንድ ልዩነት። የተሠሩት 991 ብቻ ሲሆኑ፣ ፈጥነው ተሸጠው አለቁ፤ ወዲያውም ከፋብሪካ ዋጋቸው በብዙ እጥፍ ይሸጡ ጀመር። የጂቲ መኪኖች ክፍል ኃላፊ አንድሬያስ ፕሮይኒንገርና ባልደረቦቹ በ2017 የታደሰውን ጂቲ3 ሲያወጡ ምርጫውን ለገዢው መለሱለት፦ በባለ ሁለት ፍሪሲዮን 3.4 ሰከንድ፣ በእጅ ማርሽ 3.9 ሰከንድ።

እዚህ ላይ ተማሪዎቼን ሁልጊዜ የምጠይቀውን ራሴን ልጠይቅ ይገባል፤ ማስረጃው በእርግጥ ምን ያሳያል? የ911 አር ዋጋ መናር ደካማ ማስረጃ ነው። ቁጥሩ የተወሰነ ዕቃ በራሱ ይወደዳል፤ አንዳንዱ ገዢ መኪናውን ሸፍኖ ያስቀመጠው ሊነዳው ሳይሆን ሊያተርፍበት ነው። ያልተነዳ መኪና ደግሞ ስለ መንዳት ፍቅር ሊመሰክር አይችልም። የ2017ቱ ጂቲ3 ግን የተለየ ነው። ቁጥሩ እንደዚያኛው አልተወሰነም፤ ፈጣኑና ቀርፋፋው ካምቢዮ በአንድ ገበያ፣ ጎን ለጎን ቀርበዋል። ፋብሪካው ሁለት ዓይነት ካምቢዮ ማዘጋጀት፣ መፈተንና መለዋወጫ ማከማቸት ወጪ እንዳለው እያወቀ በ2021 በመጣው ትውልድም የእጅ ማርሹን አስቀጠለ። ኪሣራ የሆነን ነገር ለትዝታ ሲል የሚያስቀጥል ፋብሪካ ብዙ አይገኝም።

ይህ የባለጠጎች ጨዋታ ነው፤ ለእኛ ምናችን ነው የሚል ይኖራል። ትክክል ነው፣ የባለጠጎች ጨዋታ ነው። ለታሪክ ተማሪ የሚጠቅመውም ስለዚሁ ነው። ቀርፋፋውን የሚመርጥ ሰው አቅም ስላነሰው ነው የሚለው የቆየ ማብራሪያዬ እዚህ አይሠራም፤ እነዚህ ሰዎች ፈጣኑን ለመግዛት የሚያግዳቸው ነገር አልነበረም። ትዝታ ነው የሚለውም ሙሉ መልስ አይሆንም። የመንገድ ፍጥነት በሕግ የተገደበ ነው፤ ስለዚህ መኪና ይበልጥ ሲፈጥን ባለቤቱ በየዕለቱ ሊጠቀምበት የሚችለው የአቅሙ ድርሻ ያንሳል። 3.4 ሰከንድ ከ3.9 ያለው ብልጫ በወረቀት ላይ ይነበባል። በእጅ የተለወጠ ማርሽ ግን በሰዓት 40 ኪሎ ሜትርም ሲሄድ የነጂው ሥራ ነው።

ይህን ጃፓኖች ቀድመው አስተውለውታል። ማዝዳ በ1989፣ ማንሰል በሪዮ ባሸነፈበት በዚያው ዓመት፣ በቺካጎ ያሳያት ኤምኤክስ-5 ባለ 1.6 ሊትር ሞተር ትንሽ መኪና ነበረች፤ የፈረስ ጉልበቷ ከ120 አይሞላም፣ ክብደቷም ከአንድ ቶን በታች ነው። በፍጥነት የምታሸንፈው መኪና ጥቂት ነው። መሐንዲሶቿ የተመሩበት ቃል «ጂንባ ኢታይ» ይባላል፤ ፈረስና ፈረሰኛ አንድ አካል መሆናቸውን ይገልጻል። በ2016 አንድ ሚሊዮንኛዋ ተሠራች።

ይህን ቃል ለመረዳት ከዚህ አዳራሽ የሚቸገር ያለ አይመስለኝም። ዐፄ ቴዎድሮስን አባ ታጠቅ፣ ዐፄ ዮሐንስን አባ በዝብዝ፣ ዐፄ ምኒልክን አባ ዳኘው ብሎ በፈረሳቸው ስም የጠራ ሕዝብ፣ ሰውና መጓጓዣው ሊነጣጠሉ እንደማይገባ ሲነገረው አዲስ ነገር አይሆንበትም። እርግጥ ነው፣ ይኸው ሕዝብ «ፈረስ ያደርሳል እንጂ አይዋጋም» ብሎም ተርቷል። ሁለቱ አባባሎች እንዴት እንደሚታረቁ ለሥነ ቃል ባለሙያዎች ልተወው።

ሌላም ምስክር አለ፤ በአጭሩ ልለፈው። ጎርደን መሪ በ1992 የነደፈው ማክላረን ኤፍ1 በ1998 በሰዓት ከ386 ኪሎ ሜትር በላይ በመሮጥ የመኪኖች ሁሉ ፈጣን ተባለ። በ2005 ቡጋቲ ቬይሮን ባለ 16 ሲሊንደር ሞተሩን፣ አራት ቱርቦውንና 1,001 የፈረስ ጉልበቱን ይዞ መጥቶ 407 ደረሰ። መሪ በ2020 ቲ.50ን ሲያቀርብ ክብረ ወሰኑን ያስመልሳል ብሎ የጠበቀ ሁሉ ተሳሳተ። ከአንድ ቶን የቀለለ፣ ሞተሩ ከ12,000 ዙር በላይ የሚዞር፣ ማርሹም በእጅ የሚለወጥ መኪና ሠራ፤ ለከፍተኛ ፍጥነት ክብረ ወሰን እንደማይጨነቅም በይፋ ተናገረ። የፍጥነት ዘውድ የጫነ ሰው በገዛ ፈቃዱ ሲያወልቀው ብዙ ጊዜ አይታይም።

እንግዲህ ወደ ራሳችን ልመለስ። እኔ መንዳት የተማርሁት በአባቴ አሮጌ ፎልክስ ነው። ወደ እንጦጦ በሚወስደው ዳገት ላይ ፍሪሲዮኑን ቶሎ ለቅቄ ሞተሩን ያጠፋሁበትን፣ መኪናውም ወደ ኋላ ሲንሸራተት አባቴ ምንም ሳይናገር የእጅ ፍሬኑን የሳበበትን ቀን አልረሳውም። ያ መኪና ፈጣን አልነበረም፤ ነገር ግን ዳገቱን በእግሬ ሥር አውቀው ነበር። ልጄ የተማረችው በአውቶማቲክ ነው። በጥር 2016 በኢትዮጵያ አቆጣጠር መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መወሰኑን ካስታወቀ ወዲህ፣ ከዚህ የተቀመጣችሁ ተማሪዎች የምትገዙት የመጀመሪያ መኪና የኤሌክትሪክ የመሆኑ ዕድል ሰፊ ነው፤ ፍሪሲዮንም የማርሽ ዘንግም አይኖረውም። ለአየራችንና ለውጭ ምንዛሪያችን የሚበጅ ውሳኔ ነው ከሚሉት ወገን ነኝ። የሚቀረውን ነገር ግን እንደሌለ አድርጌ ማለፍ አልወድም።

በ2023 ሃዩንዳይ አዮኒክ 5 ኤን የሚባል የኤሌክትሪክ መኪና አወጣ። ከ600 በላይ የፈረስ ጉልበት አለው፤ የሚለወጡ ማርሾች የሉትም፤ አያስፈልጉትምም። መሐንዲሶቹ ግን በመሪው ጀርባ ሁለት ማንሻዎች አኖሩ። ነጂው ሲፈልግ ኮምፒዩተሩ ስምንት ማርሽ ያለ ያስመስላል፤ በየለውጡ ኃይሉን ለቅጽበት ቆርጦ መኪናውን ያንገጫግጨዋል፤ በድምፅ ማጉያም የሞተር ጩኸት ያሰማል። ባርናርድ ከነጂው እጅ ሥራ ለመቀነስ የሠራቸው ማንሻዎች፣ ከ34 ዓመት በኋላ፣ የሌለ ሥራ ለነጂው ለመስጠት ተመለሱ። ማስመሰሉ ያረካል ወይስ ያታልላል የሚለውን ሳልነዳው ልፈርድ አልችልም፤ የነዳችሁ ካላችሁ አሁን በሚከተለው የጥያቄ ጊዜ ብትነግሩን ደስ ይለኛል። ድምፅ ማጉያው ከወደ ኋላ ረድፍ ይጀምር።