የሶፍትዌር ፍተሻ ዕውቀት ልውውጥ በአዲስ አበባ

የሶፍትዌር ፍተሻ ዕውቀት ልውውጥ የሚባለው አንድ ፕሮግራም ተጠቃሚ እጅ ከመግባቱ በፊትም ሆነ ከገባ በኋላ ጉድለቱን የሚያፈላልጉ ባለሙያዎች ያገኙትን እርስ በርስ የሚተላለፉበት ልማድ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ ባለሙያው «ቴስተር» ወይም «ኪውኤ»፣ የሚያገኘው ጉድለት ደግሞ «ባግ» ይባላል። ፍተሻ በኮምፒዩተር ሳይንስና በሶፍትዌር ምህንድስና ትምህርት ውስጥ እንደ አንድ ክፍል ይሰጣል። ዋናው ትምህርት ግን ሥራ ላይ ነው፤ አዲስ የገባው ከነባሩ አጠገብ ተቀምጦ፣ ነባሩ የት የት እንደሚነካካ እያየ ይማራል።

ቂርቆስ ክፍለ ከተማ፣ በተለይም ካዛንቺስ፣ በዚህ ታሪክ ውስጥ የሚነሳው ከባንኮቹና ከቢሮ ፎቆቹ ቀድሞ በአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን ምክንያት ነው። ኮሚሽኑ እ.ኤ.አ. በ1958 ተቋቋመ፤ አፍሪካ አዳራሽ በ1961 ተመረቀ። በ1980 በኮሚሽኑ ሥር የተመሠረተው «ፓዲስ» የተባለው የመረጃ ሥርዓት በ1990ዎቹ መጀመሪያ በፊዶኔት አማካይነት የኤሌክትሮኒክ ደብዳቤ አገልግሎት ሰጠ። ፊዶኔት መልእክት አጠራቅሞ በስልክ መስመር የሚልክ በመሆኑ ለደካማ መስመር የተመቸ ነበር። በይነመረብ በቴሌ በኩል ለሕዝብ የተከፈተው በ1997 ስለሆነ፣ ከዚያ በፊት የነበሩ የከተማዋ የኮምፒዩተር ሰዎች ከውጭ ባልደረቦቻቸው ጋር የተገናኙበት አንዱ መስኮት ካዛንቺስ ነበር ማለት ይቻላል።

ፍተሻ ራሱን የቻለ የዕውቀት ማኅበረሰብ የሆነው በውጭ አገሮች ነው። አሜሪካዊው ሴም ኬነርና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1997 በሎስ አልቶስ የጀመሩት ጉባኤ ተሳታፊው የራሱን የሥራ ገጠመኝ ይዞ መጥቶ በጥያቄ የሚፈተንበት ነበር። የምስክር ወረቀት የሚሰጠው አይኤስቲኪውቢ በ2002 ኤዲንብራ ላይ ተመሠረተ። በ2009 ደግሞ የባንጋሎር ቴስተሮች ቅዳሜና እሁድን ጠብቀው በኢንተርኔት እየተገናኙ አንድን ፕሮግራም በነፃ አብሮ መፈተሽና ከዚያ በውጤቱ ላይ መወያየት ጀመሩ። የሦስተኛው መንገድ ወጪ ትንሽ ነው፤ ለአዲስ አበባም ከሁሉ ይልቅ እሱ የሚስማማ ይመስላል።

የውጭው ሥርዓተ ትምህርት ዘዴ ያስተምራል። የአዲስ አበባ ቴስተር በየዕለቱ የሚገጥመው አገር በቀል ጉዳይ ግን እዚያ የለም።

የዘመን አቆጣጠር

ከእነዚህ አገር በቀል ጉዳዮች ሰፊው ይህ ነው። አሥራ ሦስተኛዋ ወር ጳጉሜን በተራ ዓመት 5፣ በአራት ዓመት አንዴ 6 ቀን አላት። የወር መምረጫው 12 ላይ የሚያበቃ ፎርም ጳጉሜን የተወለደን ሰው አያስመዘግብም፤ ይህን ባግ ጀማሪም ያገኘዋል። አስቸጋሪው ቀን መለወጫው ነው። ጳጉሜን 6 ቀን ሲኖራት ቀጣዩ መስከረም 1 በፈረንጆቹ ሴፕቴምበር 11 መሆኑ ቀርቶ 12 ላይ ይውላል። መስከረም 1 ቀን 2016 ዓ.ም. ሴፕቴምበር 12 ቀን 2023 ነበር፤ በማግስቱ ዓመት ወደ 11 ተመለሰ። መስከረም 1ን ሁልጊዜ ከሴፕቴምበር 11 ጋር፣ ሌሎቹንም ቀኖች እንዲሁ ከተለመደው ዓመት የፈረንጅ ቀናቸው ጋር አጣብቆ የተጻፈ ፕሮግራም በእንዲህ ያለው ዓመት ከመስከረም 1 እስከ የካቲት 21 በአንድ ቀን ይሳሳታል። ከየካቲት 22 ጀምሮ ያለማንም እርዳታ ይስተካከላል፤ የመንግሥት በጀት ዓመት የሚጀመርበት ሐምሌ 1 በየዓመቱ ጁላይ 8 ላይ ነው። ስለዚህ ሲስተሙን በበጀት መዝጊያ ሰሞን ብቻ የፈተሸ ቡድን ምንም ችግር ሳያይ ያሳልፋል። በጥር የብድር መክፈያ ቀን ሲዛነፍ ጣቱን ወደ ሌላ ቦታ ይቀስራል።

በዓላት ደግሞ ሌላ ወጥመድ አላቸው። ጥምቀት ሁልጊዜ ጥር 11 ነው፤ በ2016 ዓ.ም. በፈረንጆቹ ጃንዋሪ 20 ላይ ውሏል። ገና ግን በተለመደው ዓመት ታኅሣሥ 29፣ ከጳጉሜን 6 ቀጥሎ በሚመጣው ዘመነ ዮሐንስ ታኅሣሥ 28 ይከበራል። ሁለቱንም በአንድ ደንብ ያሰላ ዲቨሎፐር ከሁለቱ አንዱን ይስታል። በዚህ በኩል የቤተ ክርስቲያኑን የበዓላት ስሌት ባሕረ ሐሳብን የተማረ የሰፈር ዲያቆን ከምስክር ወረቀት ባለቤቱ ቴስተር ይልቅ የተሻለ የፍተሻ ዝርዝር ያወጣል ቢባል ማጋነን አይሆንም። ጆዳ ታይም የተባለው የጃቫ ፕሮግራም ቋንቋ ቤተ መጻሕፍትና አይሲዩ የተባለው ሌላ ቤተ መጻሕፍት የኢትዮጵያን አቆጣጠር አካተዋል፤ ከጃቫ ጋር አብሮ የሚመጣው የቀን ጥቅል ግን የጃፓንን፣ የታይላንድንና የሂጅራን ሲይዝ የእኛን አልያዘም። የመለወጫ ስሌቱን ዲቨሎፐሩ በገዛ እጁ ሲጽፍ ያ የአንድ ቀን ስህተት ይደገማል።

የሰዓቱም ነገር ከዚህ አይርቅም። «ማክሰኞ ሌሊት 8 ሰዓት» የተባለ ቀጠሮ በፈረንጅ አቆጣጠር ረቡዕ ከእኩለ ሌሊት በኋላ 2 ሰዓት ነው፤ ቀኑ ከእኩለ ሌሊት ይጀምራል ወይስ ከንጋት የሚለውን ያልለየ የትኬት ወይም የሆስፒታል ቀጠሮ ሲስተም ሰውን አንድ ቀን ሙሉ ያሳስታል።

ፊደል፣ ስምና አጭር መልእክት

የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው 3.0 እትም ነው። ከዚያ በፊት እያንዳንዱ የፊደል አዘጋጅ የየራሱን ኮድ ይጠቀም ስለነበር በአንዱ የተጻፈው በሌላው አይነበብም ነበር። ዩኒኮድ ይህን ቢፈታም ድምፃቸው አንድ የሆነ ፊደሎችን ለየብቻ መዝግቧቸዋል፤ ለኮምፒዩተር «ኃይለ»፣ «ሃይለ» እና «ሐይለ» ሦስት የተለያዩ ሰዎች ናቸው። ፍለጋ ሲፈተሽ «ፀሐይ» ብሎ ተመዝግቦ «ጸሀይ» ብሎ መፈለግ ከመጀመሪያዎቹ ሙከራዎች መካከል መሆን ይገባዋል። ስሙ በላቲን ፊደል ሲጻፍ ደግሞ አንዱ ስም ብዙ አጻጻፍ ይኖረዋል። የቤተሰብ ስም የሚጠይቁ የውጭ ፎርሞች የአያትን ስም ከዚያ ቦታ ያስገቡታል፤ በሌላ ሲስተም የአባት ስም ይገባል፤ ሁለቱ መዝገቦች ሲጣመሩ አንድ ደንበኛ ሁለት ይሆናል።

የአጭር መልእክት ጉዳይ ኪስ ይነካል። በላቲን ፊደል አንድ መልእክት 160 ሆሄ ሲይዝ በአማርኛ 70 ብቻ ይይዛል። በእንግሊዝኛ በአንድ መልእክት ያለቀ የባንክ ማሳወቂያ ወደ አማርኛ ሲመለስ ለሁለት ተከፍሎ ሊሄድ ይችላል፤ ላኪው ድርጅትም የሁለት ዋጋ ይከፍላል። በዳታቤዝ በኩልም በተለመደው ኮድ አንድ የግዕዝ ሆሄ ሦስት ባይት ስለሚወስድ፣ በባይት የተለካ ቦታ ረጅም ስምን ከመሃል ይቆርጣል።

የሚተላለፍበት መንገድ

ይህ ሁሉ በአብዛኛው በቃል የሚሄድ ዕውቀት ነው። የሚተላለፈው በቡድን ስብሰባ፣ ባንኩ ሲስተሙን ከመረከቡ በፊት ሠራተኞቹ በሚሞክሩበት «ዩኤቲ»፣ በቴሌግራም ቡድንና በማኪያቶ ሰዓት ነው። ፈጣን ነው፤ ግን ባለቤቱ ሥራ ሲለቅ ወይም አገር ሲለቅ አብሮት ይሄዳል። የሥራ ውል ምስጢር መጠበቅን ስለሚያዝም የአንዱ ድርጅት ቴስተር ያየውን ጉድለት ለጎረቤት ድርጅት ሊያወራ አይደፍርም። በዚህ ምክንያት ያው የጳጉሜን ባግ ከቢሮ ቢሮ እየዞረ እንደ አዲስ ይገኛል። ካዛንቺስ በ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ በኮሪደር ልማት ሲፈርስ ነባሩ ሰፈር ከነነዋሪው ተበትኗል፤ በሰው ትውውቅና በመገናኛ ቦታ ላይ የቆመ ልማድ ምን ያህል ተሰባሪ እንደሆነ ከዚህ መገመት አያስቸግርም።

ከጥፋት መማር

መጋቢት 6 ቀን 2016 ዓ.ም. ዓርብ ሌሊት የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ደንበኞች በሂሳባቸው ካለው በላይ ገንዘብ ማውጣትና ማስተላለፍ ቻሉ። ባንኩ የሳይበር ጥቃት እንዳልነበረና ችግሩ በሲስተም ማሻሻያ ወቅት የተፈጠረ መሆኑን ገለጸ። ያለአግባብ የወሰዱ ብዙዎቹ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ስለነበሩ ዩኒቨርሲቲዎች ገንዘቡ እንዲመለስ በማስታወቂያ ጠየቁ። ለሙያው ሰው የክስተቱ ፍሬ ነገር ተማሪዎቹ አይደሉም። ማሻሻያ በተደረገ ቁጥር ያልተነካ የሚመስለውንም ክፍል መልሶ መፈተሽ ግድ መሆኑ ነው፤ ከሁሉ በፊት የቀሪ ሂሳብ ቁጥጥርን።

ከዚህ ጋር ሊነጻጸር የሚችለው የአቪዬሽን ልምድ ነው። መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም. የኢትዮጵያ አየር መንገድ በረራ 302 ተከስክሶ 157 ሰዎች ሲሞቱ፣ የኢትዮጵያ መርማሪዎች የመጀመሪያ ደረጃ ሪፖርት በአንድ ወር ገደማ ወጣ። «ኤምካስ» የተባለው የቦይንግ 737 ማክስ ሶፍትዌር በአንድ ዳሳሽ ንባብ ላይ ብቻ መደገፉን ዛሬ ዓለም ያውቃል፤ በብዙ አገር የሶፍትዌር ደኅንነት ትምህርት ውስጥም ይጠቀሳል። ይህ የሆነው የአየር አደጋ ምርመራ ግኝት እንዲወጣ የሚጠይቅ ዓለም አቀፍ ስምምነት ስላለ ነው። ለባንክ ሲስተም ብልሽት ተመሳሳይ ስምምነት የለም። ብሔራዊ ባንክ ይህን ክፍተት በመመሪያ ቢሞላው፣ ስም እንኳ ሳይጠቀስ የብልሽቱ መንስኤና የተደረገው እርማት ለሌሎች ባንኮች ቢደርስ፣ ከብዙ የሥልጠና ማዕከል የሚበልጥ ትምህርት ይሆን ነበር።

ቀጣዩ ጳጉሜን 6 የሚውለው በ2019 ዓ.ም.፣ በፈረንጆቹ ሴፕቴምበር 11 ቀን 2027 ነው። ቀን የሚለውጥ፣ ወለድ የሚያሰላ ወይም ደመወዝ የሚከፍል ሲስተም ያለው መሥሪያ ቤት ከዚያ ቀን አስቀድሞ ከመስከረም 1 እስከ የካቲት 21 ቀን 2020 ዓ.ም. ያሉትን ቀኖች አንድ በአንድ ይፈትሽ።