ሙቀት መለኪያና የሚተከልበት ስፍራ

በጉማራ ወንዝ አካባቢ የሚፈልቀውን የወንዛዬን ፍል ውሃ ብዙዎቻችሁ ታውቁታላችሁ፤ ከወረታና ከፎገራ ሜዳ ሕዝቡ ፈውስ ሽቶ ይወርድበታል። አንዱን ሙቀት መለኪያ ከምንጩ ዓይን፣ ሌላውን ውሃው ነፋስ ከሚያገኘው ከዳሩ ብታስቀምጡ ሁለቱ አንድ ቁጥር አይነግሯችሁም። መሣሪያው ግን አልዋሸም፤ የቆመበትን ስፍራ ተናገረ እንጂ።

በ19ኛው መቶ ዓመት ስኮትላንዳዊው መሐንዲስ ቶማስ ስቲቨንሰን የአየርን ሙቀት ለሚለኩ ሰዎች ነፋስ የሚያሳልፍ ነጭ የእንጨት ሣጥን ያበጀላቸው ስለዚህ ነው፤ ፀሐይ መለኪያውን ካገኘችው የሚነበበው የመስተዋቱ ትኩሳት እንጂ የአየሩ አይደለምና። ቀደም ብሎም በ1821 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ቶማስ ዜቤክ የተባለው ሊቅ ሁለት ልዩ ልዩ ብረቶችን ጫፍ ለጫፍ አጋጥሞ አንዱን መጋጠሚያ ቢያሞቀው፣ አጠገቡ ያለው የኮምፓስ መርፌ ሲናወጥ ተመለከተ። ከዚህ የተገኘው ቴርሞኮፕል መስተዋት ከሚቀልጥበት እሳት ውስጥ ይገባል።

የኢትዮጵያ አየር መንገድ በ1938 ዓ.ም. በዳግላስ አይሮፕላኖች ሥራ ጀመረ፤ በ1955 ዓ.ም. ደግሞ የቦይንግ 720 ጄቶች ደረሱ፤ የልደታ ሜዳ ስለማይበቃቸው ማረፊያቸው ቦሌ ሆነ። በጄት ሞተር የሚለካው ከተርባይኑ የሚወጣው ጋዝ ትኩሳት ነው። ጋዙ ግን በሁሉ ስፍራ እኩል አይሞቅም፤ በግድግዳው ዳር ቀዝቀዝ ይላል። መለኪያው አጥሮ በዳር ከቀረ፣ ወይም ዘንጉ ወፍሮ ሙቀቱን ወደ ቀዝቃዛው ቆዳ ከሳበው፣ ቁጥሩ ከእውነቱ ያንሳል። ጫፉ ራሱ ግሎ ሙቀቱን ወደ ቀዝቃዛው ግድግዳ ቢረጭም እንዲሁ ነው፤ ስለዚህ የብረት ጋሻ ያለብሱታል። የጋዙ ፍጥነትም ሌላ ጣጣ ነው፤ በጫፉ ላይ ሲገታ ይሞቃል፣ ሙሉ በሙሉ ካልተገታ ግን ንባቡ ጎደሎ ይሆናል። መሐንዲሶች ጫፉን በትንሽ ጎጆ ከተው፣ መግቢያዋን አስፍተው መውጫዋን አጥብበው ያበርዱታል፤ ፍጥነቱን ማለቴ ነው።

ከሁሉ የሚያስፈራኝ የሚያንሰው ቁጥር ነው። የሚበዛው አብራሪውን ጉልበት እንዲቀንስ ያስገድደዋል፤ የሚያንሰው ግን ጉልበት እንዲጨምር ይጋብዘዋል። በዚያን ጊዜ የተርባይኑ ምላሶች በትኩሳትና በሽክርክሪት ኃይል ጥቂት በጥቂት ይለጠጣሉ፤ በመጨረሻም ይሰበራሉ። በቦሌ ከ2,300 ሜትር በላይ ባለ ከፍታ፣ አየሩ ስስ በሆነበት፣ ጄት ሲነሣ ይህ ቀልድ አይደለም።

ስለዚህም አንዱን መለኪያ ብቻ አያምኑም። በሞተሩ ዙሪያ ብዙ ተክለው፣ ሽቦዎቻቸውን አስተባብረው፣ ለአብራሪው አማካዩን ያሳዩታል፤ መካኒኩም እያንዳንዱን ለብቻው ይመረምራል።