የእሳትና የሕይወት ጥበቃ በአነስተኛ ስቱዲዮ (ስቶክሆልም)

የእሳትና የሕይወት ጥበቃ ዕቅድ፣ ፊልም ወይም ድምፅ የሚቀረጽበት ቤት ባለቤትና ተከራይ፣ ቃጠሎ ሳይደርስ ነፍስንና ንብረትን ለማዳን አስቀድመው የሚሰናዱበት ሥርዓት ነው። በስቶክሆልም ይህ ጥንቃቄ ከንቱ ስጋት አለመሆኑን የሚመሰክረው፣ እ.ኤ.አ. መስከረም 22 ቀን 1941 በቪንተርቪከን በደረሰው ፍንዳታና ቃጠሎ፣ የስቬንስክ ፊልምኢንዱስትሪ ኩባንያ የድምፅ አልባው ዘመን ፊልሞች ዋና ቅጂዎች አብዛኞቹ አመድ መሆናቸው ነው፤ የዚያ ዘመን የናይትሬት ፊልም አንድ ጊዜ ከተቀጣጠለ ኦክሲጅንን ከገዛ ባሕርዩ ስለሚያመነጭ፣ ውኃ ውስጥ እንኳ ቢነከር መንደዱን አይተውም። የአንድ ትውልድ የጥበብ ድካም እንዲህ መጥፋቱ እጅግ ያሳዝናል።

ዛሬ ናይትሬት ቢቀርም፣ የካሜራው ሊቲየም ባትሪና የሚግለው መብራት አሉ፤ ከሁሉ ይልቅ የሚያስፈራው ግን፣ ለድምፅ ጥራት ሲባል በግድግዳ የሚለጠፈው ተራ ስፖንጅ ነው፤ ፈጥኖ ይነድዳል፣ ጢሱም ጥቁርና መርዛም ነው። እ.ኤ.አ. ከ2004 መባቻ ጀምሮ የጸናው የስዊድን የአደጋ መከላከያ ሕግ (ቁጥር 2003:778)፣ የእሳት ማጥፊያና የሕይወት ማዳኛ መሣሪያ የማኖርን ግዴታ በባለቤቱና በተከራዩ ላይ ይጥላል።

ድምፅ በማያስገባው ክፍል በሩን ዘግቶ፣ ማዳመጫውን በጆሮው ደፍቶ ለድምፅ ቀረጻ የተቀመጠ አንባቢ የውጭውን ደወል ሊሰማ አይችልምና፣ በዓይኑ ፊት ብልጭ የሚል የማስጠንቀቂያ መብራት ያሻዋል፤ በመውጫው ደፍ ላይ የተጠቀለለ ገመድም በጢስ መካከል ለሚሮጥ ሰው ወጥመድ ስለሆነ፣ ከቀረጻ በፊት ይነሣል። የአደጋ ጥሪው ቁጥር 112 ነው።