ዜና መቅደላና የ1850 ወሰን

በ1860 ዓመተ ምሕረት፣ በዘመነ ዮሐንስ፣ ሚያዝያ 6 ቀን፣ በፋሲካ ማግስት ሰኞ፣ አፄ ቴዎድሮስ ለእንግሊዝ እጄን አልሰጥም ብለው በመቅደላ አምባ ራሳቸውን ሰዉ። ከእንግሊዙ አዛዥ ከናፒየር ጦር ጋር ሪቻርድ ሆልምስ የተባለ የብሪቲሽ ሙዚየም ሰው የጥንት ታሪክ መርማሪ ተብሎ መጥቶ ነበር። ምርምሩ ግን ለቀማ ሆነ፤ የተዘረፈው ዕቃ በደላንታ ሜዳ ሲጫረት ለሙዚየሙ ገዛ፣ ኵርዓተ ርእሱ የተባለውን ሥዕልም ለራሱ አስቀረ። በዚያው ዘመቻ ካፒቴን ጉድፌሎ ጥንታዊቱን ወደብ አዱሊስን አስቆፈረ፤ ከፍርስራሹ የወጣው የእብነ በረድ ስባሪም ለንደን ገባ። ከልካይ ሕግ አልነበረም።

ከዚህ በኋላ በ1898 ዓ.ም.፣ በዘመነ ማርቆስ፣ በዳግማዊ ምኒልክ ፈቃድ ጀርመናዊው ኤኖ ሊትማን አክሱም ገብቶ ሐውልቱን ለካ፣ የድንጋዩን ጽሕፈት ገለበጠ። በ1940ዎቹም ከፈረንሳዮች ጋር የአርኪዮሎጂ ተቋም ቆመ። በ1958 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 229 ወጥቶ ያለ ፈቃድ መቆፈርን ከለከለ። ይህ ትልቅ ሥራ ነው። ነገር ግን ሕጉን የወለደው የአክሱም ቁፋሮ ስለሆነ ዓይኑም የአክሱም ዓይን ሆነ፤ ጥንታዊ ቅርስ ማለት ከ1850 ዓ.ም. በፊት የተሠራ ነው አለ። የአፄ ቴዎድሮስ ሴባስቶፖል መድፍ ግን በጋፋት የተሠራው ከዚያ ወዲህ ነው። 7 ቶን ገደማ የሚመዝን ነሐስ፣ ሰው በጠፍር እየጎተተ ገደል ለገደል መቅደላ ያወጣው፣ ከወሰኑ ውጭ ቀረ። ከአምባው የተረፈ የንጉሡ ዘመን ዕቃ ደሴ ሰኞ ገበያ ቢወጣ ኖሮ በዚያ አዋጅ ፊት እንደ ማንኛውም ሸቀጥ በተቆጠረ ነበር።

ወሰን የሌለው ሕግ የእያንዳንዱን ቤት እንስራ ቅርስ ያደርጋል የሚል ይኖራል። እውነት ነው፣ ሹም የሚይዘው መለኪያ ይሻል። ዓመት ግን ለሹሙ ይቀለዋል እንጂ የነገሩን ክብር አይለካም፤ ኮምቦልቻ አጠገብ ጌታ በተባለው ቦታ ያለው የድንጋይ አንበሳ ዓመቱ አልተጻፈበትም። የመቅደላው ሀብት አስቀድሞ ሄዷል፣ ሕጉ ምን ይመልስ ነበር ለሚልም መልሱ በአምባው ላይ የቀረው ነው። አዋጅ ቁጥር 209/1992 ቅርስን በዓመት አጥር ሳይሆን በታሪክ፣ በሳይንስ፣ በባህልና በጥበብ ዋጋ ለካ። ሴባስቶፖል ዛሬም መቅደላ ላይ፣ ጦሩ ትቶት በሄደበት አምባ አለ።