ሹመት ርስት ነውን?

በሕንድ ደቡብ ምሥራቅ በኩል፣ ቀድሞ ጉንቱር በተባለው አውራጃ ሥር የነበረች፣ ፔራቫሊፓሌም የምትባል መንደር አለች። ፔራቫሊ ከምትባለው ነባር መንደር ተከፍላ ራሷን የቻለችው በ1950ዎቹ ነው። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) መንደር ያለ ሹም አይኖርምና አዲሲቱ መንደር የራሷ “ሙንሲፍ” ያስፈልጋት ነበር። ሙንሲፍ ማለት የእኛ የጥንቱ ቺቃ ሹም ዓይነት ሰው ነው፤ የመሬት ግብር ይሰበስባል፣ የመንደሩን ጸጥታ ይጠብቃል፣ ጥቃቅን ክርክር ይሰማል። ካመለከቱት ሰዎች መካከል አንዱን የአካባቢው የግብር ሹም መርጦ ሾመው። ሌላው አመልካች ግን የነባሩ መንደር ሙንሲፍ ልጅ ነበርና ለአውራጃው ገዢ ይግባኝ አለ። ሕጉ አዲሱ ሹም ከቀድሞው ሹም ቤተሰብ ይመረጥ ስለሚል፣ ቦታው የሚገባው ለእኔ ነው ባይ ነው። የአውራጃው ገዢም ሕጉን ገልጦ ሲያይ ነገሩ እንደተባለው ሆኖ አገኘው። የተሾመው ተሻረ፤ የሹሙ ልጅ ተሾመ። የተሻረው ሰው ግን እጁን አጣጥፎ አልተቀመጠም፤ የበላይ የሆነው የገቢ ቦርድም ስላልሰማው፣ አቤቱታውን በቀጥታ ዴልሂ ድረስ ለጠቅላይ ፍርድ ቤት አቀረበ።

ሕግ አዋቂ አይደለሁም፤ የተማርኩት ጋዜጠኝነት ነው። ይሁን እንጂ ሕንድ ሪፐብሊክ በሆነችባቸው በመጀመሪያዎቹ 10 ዓመታት የተሰጡትን ፍርዶች ማንበብ የጀመርኩት ለሥራ ቢሆንም፣ የቀጠልኩት ስለወደድኳቸው ነው። የሕግ ሰዎች እነዚህን ፍርዶች በሁለት መደርደሪያ ለያይተው ያስቀምጧቸዋል። በአንዱ የንብረት፣ በሌላው የመንግሥት ሥራና ሹመት። እኔ ግን ሁለቱን ጎን ለጎን ሳነብ ያገኘሁት አንድ ጥያቄ ነው። ሹመት ርስት ነውን? አንድ ሰው በአደራ የተቀበለውን ሥራ ለልጁ ሊያወርሰው ይችላል?

“ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል” የሚለው ተረት ያለን እኛ ለጥያቄው እንግዳ አይደለንም። የሕንዱ ታሪክ ግን የራሱ መንገድ አለው፤ የሚጀምረውም በእንግሊዞች ነው።

ከእንግሊዞች በፊት “ዘሚንዳር” የሚባለው ሰው በአብዛኛው ግብር ሰብሳቢ ነበር። ከገበሬው ሰብስቦ፣ ድርሻውን አስቀርቶ፣ የቀረውን ለገዢው ያስገባል። በ1793 ሎርድ ኮርንዋሊስ ለቤንጋልና ለቢሃር ባወጣው ደንብ ይህ ሰብሳቢ የመሬቱ ባለቤት ተባለ። ለመንግሥት የሚያስገባው ግብርም ለዘለዓለም ተቆረጠለት። ግብሩን በቀጠሮው ቀን ፀሐይ ከመጥለቋ በፊት ካላስገባ መሬቱ በሐራጅ ይሸጣል፤ ካስገባ ግን መሬቱ የራሱ ነው፤ ይሸጠዋል፣ ይለውጠዋል፣ ያወርሰዋል። እነሆ በአንድ ደንብ የትናንቱ ሹም የዛሬ ባለርስት፣ የትናንቱ ባለይዞታ ገበሬ የዛሬ ጭሰኛ ሆነ። ከ150 ዓመት በኋላ ፍርድ ቤቶቹን ያጨናነቀው ክርክር ሁሉ ከዚህ ይመነጫል ብል ያጋነንኩ አይመስለኝም።

ጃንዋሪ 26 ቀን 1950 ሥራ ላይ የዋለው የሕንድ ሕገ መንግሥት ሁለት ነገር በአንድ አፉ ተናገረ። ዜጎች ሁሉ እኩል ናቸው አለ፤ የማንም ንብረት ያለ ካሳ አይወሰድም ብሎም ደነገገ። የቢሃር ክፍለ ግዛት በዚያው ዓመት ባወጣው ሕግ ዘሚንዳሮችን ሻረ። ካሳውም በደረጃ ሆነ፤ የተጣራ ገቢው ትንሽ የሆነው ሰው የዓመት ገቢውን 20 እጥፍ ሲያገኝ፣ ከ100,000 ሩፒ በላይ የነበረው 3 እጥፍ ብቻ ያገኛል። በዚህ ሚዛን ዋናው ተጎጂ የዳርባንጋው መሃራጃ ካሜሽዋር ሲንግ ነበሩ። ከአገሪቱ ታላላቅ ባለመሬቶች አንዱ ሲሆኑ፣ ሕገ መንግሥቱን ባጸደቀው ጉባኤም አባል ነበሩ። እናም ድምፅ የሰጡበትን መጽሐፍ ይዘው ፍርድ ቤት ቆሙ። ድሀና ሀብታም እኩል ከሆነ ለምን ለእኔ 3፣ ለሌላው 20? የፓትና ከፍተኛ ፍርድ ቤት በማርች 1951 ፈረደላቸው። ሕጉ የእኩልነትን ድንጋጌ ይጥሳል ተብሎ ተሻረ።

እኩልነትን ለትልቁ ባለመሬት መከታ ያደረገ ይህ ፍርድ ጠቅላይ ሚኒስትር ኔሩን እንዳስቆጣ መገመት አያዳግትም። በ3 ወር ውስጥ፣ ገና 17 ወር ያልሞላው ሕገ መንግሥት ተሻሻለ። “ዘጠነኛው ሠንጠረዥ” የተባለ አዲስ ዝርዝር ተጨመረበትና 13 የመሬት ሕጎች ሰፈሩበት። በዚያ ዝርዝር የገባ ሕግ መሠረታዊ መብት ጥሷል ተብሎ በፍርድ ቤት እንዳይሻር ተደነገገ። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱም ማሻሻያውን በዚያው ዓመት በኦክቶበር ተቀበለው። በ1952 የቢሃሩ ጉዳይ ዴልሂ ሲደርስ የሕጉ አካል ጸና። ይሁንና ዳኞቹ ዓይናቸውን አልጨፈኑም። ሕጉ ገበሬው ለባለመሬቱ ያልከፈለውን ውዝፍ መንግሥት ይውረሰውና ግማሹን ካሳ ብሎ ይመልስ ይል ነበር። የሰውን ገንዘብ ወስዶ ግማሹን መመለስ ምን ካሳ ነው? ይህንን አንቀጽ በአብላጫ ድምፅ ጣሉት።

እዚህ ላይ ሳልጠቅሰው የማላልፈው ነገር አለ። በዚሁ የ1952 ክርክር ለኡታር ፕራዴሽ ዘሚንዳሮች ከቆሙት ጠበቆች አንዱ ዶክተር አምቤድካር ነበሩ፤ የሕገ መንግሥቱ አርቃቂ ኮሚቴ ሊቀመንበር፣ “የማይነኩ” ከተባሉት ወገኖች የወጡት ያ ሰው። የካሳን ግዴታ በሕገ መንግሥቱ መንፈስ ሊያስረዱ ሞከሩ፤ ፍርድ ቤቱ አልተቀበላቸውም። ጠበቃ ለማንም ይቆማል፤ ይህንን አውቃለሁ። ግን ቀደም ብሎ፣ በ1928፣ እኚሁ ሰው በቦምቤይ ሸንጎ ያቀረቡት ረቂቅ ሕግ ትዝ ይለኛል። በዚያ አገር የመሃር ወገን የመንደር አገልግሎት በዘር የተጣለበት ነው። መልእክት ይሮጣል፣ ዘብ ይቆማል፣ የሞተ ከብት ይጎትታል። ለዚህ ሁሉ የሚሰጠው ቁራሽ መሬት ነበር። ያችን መሬት ሲወርስ አገልግሎቱንም አብሮ ይወርሳል። አምቤድካር ሰንሰለቱን ለመበጠስ ቢታገሉም ረቂቁ ሕግ ሳይሆን ቀረ። በዘር የሚተላለፍ ሹመት ከላይ ላለው ሲሳይ ሲሆን፣ ከታች ላለው ቀንበር ነበር ማለት ነው።

የካሳው ክርክር ከዚያ በኋላም ቀጥሏል። በ1953 በምዕራብ ቤንጋል፣ ከምሥራቅ ለተሰደዱ ሰዎች መስፈሪያ የተወሰደ መሬት ዋጋው በ1946 መጨረሻ በነበረው ይቆረጥ ሲባል፣ ፍርድ ቤቱ ካሳ ማለት የንብረቱ ትክክለኛ ምትክ ነው ብሎ ሕጉን ነቀፈ። መንግሥትም በ1955 ሕገ መንግሥቱን እንደገና አሻሽሎ የካሳውን መጠን ከዳኞች እጅ አወጣው። ይህ እሰጥ አገባ በብዙ መጻሕፍት ስለተጻፈ አላስረዝመውም። እኔን ይበልጥ የሳበኝ ጸጥ ያለው፣ ጋዜጣ ብዙም ያልጮኸለት መስመር ነው።

በ1951 ከካልካታ አንድ የቤተሰብ ክርክር መጣ። በሕንዶች ልማድ ለጣዖት የተሰጠ ንብረት “ሼባይት” በሚባል ባለአደራ ይጠበቃል። ባለአደራው ሞተ፤ ሁለተኛ ሚስቱና ከመጀመሪያዋ ሚስቱ የተወለደ ልጁ ቀሩ። የ1937 ሕግ ባልቴት ከባሏ ንብረት እንደ ወንድ ልጅ ድርሻ ታገኛለች ይላል። ግን ሼባይትነት ንብረት ነው ወይስ ሹመት? ንብረት ከሆነ ባልቴቲቱ ድርሻ አላት፤ ሹመት ብቻ ከሆነ የላትም። ዳኛ ሙከርጂ ሁለቱም ነው አሉ። ግዴታውና ጥቅሙ እንደ ድርና ማግ የተሸመነ ነውና አንዱን ከሌላው መምዘዝ አይቻልም፤ ስለዚህ ሴቲቱ ትወርሳለች። በ1954ም እኚሁ ዳኛ በኡዱፒ ከተማ ካሉት ስምንት ገዳማት የአንዱን፣ የሺሩርን አበምኔት ጉዳይ ሲያዩ ያንኑ ደገሙ። አበምኔቱ ተራቸው ደርሶ ቤተ መቅደሱን ሲያስተዳድሩ ወደ ቦታው የሚመጣውን ብራህሚን ሁሉ ማብላት ስለነበረባቸው ዕዳ ውስጥ ገብተው ነበር፤ የማድራስ መንግሥትም በአስተዳደራቸው እጁን ሊያስገባ ፈለገ። ፍርድ ቤቱ አበምኔት የመንግሥት ደመወዝተኛ አይደለም፣ በቢሮው ውስጥ የንብረት መብት አለው ብሎ ከሕጉ አያሌ አንቀጾችን ሻረ።

እንግዲህ የፔራቫሊፓሌም ሰው አቤቱታ ዴልሂ የደረሰው እንዲህ ያሉ ፍርዶች በተከማቹበት ጊዜ ነው። ለቤተ መቅደሱ ሹመት ንብረት ከሆነ ለመንደሩስ ለምን አይሆንም? ተከራካሪው ወገን ይህንኑ ያዘ። የሙንሲፍነት ሥራ ከጥንት በዘር ሲወርድ የመጣ ነው፤ መንግሥት አልፈጠረውም፤ ማደሪያ መሬትም አለው፤ ስለዚህ የመንግሥት ሥራ ሳይሆን የቤተሰብ ንብረት ነው አለ። የሚተማመንበት የ1895 የማድራስ ሕግ በእርግጥም ሹመቱን እንደ ርስት ያይ ነበር። ወራሹ ሕፃን ቢሆን እንኳ ስሙ ተመዝግቦ፣ እስኪያድግ ሌላ ሰው ይሠራለት ነበር። የሚገርመው ግን ያው ሕግ ማደሪያውን መሸጥና ማስያዝ መከልከሉ ነው። የማይሸጥ የማይለወጥ ከሆነ ምኑን ንብረት ሆነ?

ዳኛ ኤስ. ኬ. ዳስ የጻፉት ፍርድ በዲሴምበር 1960 ተሰጠ። ሹሙን የሚሾመው መንግሥት ነው፤ ሥራውን የሚቆጣጠረው መንግሥት ነው፤ ግብሩም የሚገባው ለመንግሥት ነው። ስለዚህ ሙንሲፍነት የመንግሥት ሥራ ነው። ከ2 ዓመት በፊት ይኸው ፍርድ ቤት የማይሶር የመንደር ሹሞች ቦታቸውን ቢወርሱትም የመንግሥት ሹሞች ናቸው ብሎ ነበርና መንገዱ ተጠርጓል። የመንግሥት ሥራ ከሆነ ደግሞ የሕገ መንግሥቱ 16ኛ አንቀጽ ይመጣል። ይህ አንቀጽ ዜጋ በሃይማኖቱ፣ በዘሩ፣ በካስቱ፣ በጾታው፣ በትውልድ ሐረጉ፣ በተወለደበት ወይም በሚኖርበት ቦታ ምክንያት ከመንግሥት ሥራ እንዳይገለል ያዝዛል። ልብ በሉ፤ ከእሱ በፊት ያለው 15ኛው አንቀጽ ተመሳሳይ ዝርዝር ሲኖረው፣ “የትውልድ ሐረግ” የሚለው ቃል ግን የለበትም። አርቃቂዎቹ ያንን ቃል የጨመሩት በመንግሥት ሥራ ላይ ነው። ዳኞቹም ቃሉን አንስተው የ1895ቱን ድንጋጌ ሻሩ፤ የአመልካቹ ጉዳይ የማን ልጅ መሆኑ ሳይታይ በብቃቱ ብቻ እንዲመረመር አዘዙ።

እኔ ይህንን ፍርድ ከዳርባንጋው መሃራጃ ክስ አብልጬ አየዋለሁ። በመሃራጃው ጉዳይ የሚያከራክረው የገንዘብ መጠን ነበር፤ ስንት እጥፍ ይከፈል የሚል። በመንደሩ ጉዳይ ግን አንድ ገበሬ የሹም ልጅ ሳይሆን ሹም ሊሆን ይችላል ወይ የሚል ነው። ዳኞቹም ለመሃራጃው እንዳደረጉት ካሳ አልቆጠሩም፤ ከመነሻው ያንተ አልነበረም ነው ያሉት። የሚያሳዝነው ሁለቱን መስመሮች አለማስታረቃቸው ነው። በቤተ መቅደስ ደጃፍ ሹመት ንብረት ሆኖ ሲቀጥል፣ በመንደር አደባባይ አልሆነም። በካልካታዋ ባልቴት ጉዳይ ያ ትርጉም ለሴት ደግ ውሎ ውሏል፤ ስለዚህ ልውቀሰው ብዬ ብዕሬን ሳነሳ እጄ ይይዘኛል።

ቤተ መቅደሱም ቢሆን ለዘለዓለም አልተከለለም። ታሚል ናዱ በቤተ መቅደስ የሚያገለግሉ ካህናት ሥራ በዘር መውረዱ ይቅር ብላ ያወጣችውን ሕግ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1972 አጸደቀው። ሹመቱ ዓለማዊ ተግባር ነው ተብሎ ነው። የንብረት መብትም በ1978 በተደረገ ማሻሻያ ከመሠረታዊ መብቶች ዝርዝር ወጣ። የመንደር ሹሞችን በተመለከተ፣ ታሚል ናዱ በ1980፣ አንድራ ፕራዴሽ ደግሞ በጃንዋሪ 1984 ቦታውን ራሱን በአዋጅ ሰረዙት። ሹሞቹ ከሰሱ፤ ፍርድ ቤቱ መንግሥት የሥራ ቦታ የማጠፍ ሥልጣን አለው ብሎ መለሳቸው። ከአባቱ የወረሰውም፣ ከ1960 ወዲህ በብቃቱ ተወዳድሮ የገባውም፣ በአንድ አዋጅ መዝገቡንና ማኅተሙን አስረክቦ ወጣ።