መዋጮን መያዝ፦ አሜሪካና የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት

መዋጮን መያዝ አንድ አባል አገር ለዓለም አቀፍ ድርጅት የሚከፍለውን ድርሻ በከፊል ወይም በሙሉ በማስቀረት፣ ድርጅቱ በጀቱን፣ አሠራሩን ወይም ፖሊሲውን እንዲለውጥ የሚያደርገው ጫና ነው። አቅም አጥቶ ከመዘግየት የሚለየው ሆን ተብሎ፣ ብዙ ጊዜም በአገር ውስጥ ሕግ ተደግፎ የሚፈጸም በመሆኑ ነው። ስልቱ ሲነሳ ቀድማ የምትጠቀሰው አሜሪካ ብትሆንም ጀማሪዋ ግን እሷ አይደለችም። (ዓመታቱ በሙሉ እንደ ኤውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የተባበሩት መንግሥታት ቻርተር አንቀጽ 17 በጀት የማጽደቁንና ወጪውን ለአባላት የማከፋፈሉን ሥልጣን ለጠቅላላ ጉባኤው ይሰጣል። ድርሻው በየአገሩ የመክፈል አቅም ይሰላል። በአሁኑ ቀመር ጣሪያው 22 በመቶ፣ ወለሉ 0.001 በመቶ ሲሆን፣ ኢትዮጵያን ጨምሮ በዕድገት ወደኋላ የቀሩ አገሮች ከ0.01 በመቶ በላይ አይጠየቁም። በጉባኤው ግን ለሁሉም ድምፁ አንድ ነው፤ በመዋጮ ላይ የሚነሳው ጠብም የሚመነጨው ከዚሁ ነው። አንቀጽ 19 ውዝፉ የሁለት ሙሉ ዓመት መዋጮ ያህል የደረሰ አገር በጉባኤው ድምፅ እንዳይሰጥ ይከለክላል። በተግባር ግን ይህ አንቀጽ ለያዡ አገር የልኬት መስመር ሆኖት ቆይቷል፤ ከመስመሩ በታች እስካለ ድረስ ገንዘቡን ይዞም ድምፁን አያጣም። አሜሪካ በ1999 መጨረሻ ድምፅዋን ለማዳን የሚበቃውን ያህል ብቻ ከፍላ አልፋለች።

የመጀመሪያው ትልቅ ቀውስ የመጣው ከሶቪየት ኅብረትና ከፈረንሳይ ነበር። በ1960 የተጀመረውንና የኢትዮጵያ ወታደሮችም የዘመቱበትን የኮንጎ ሰላም ማስከበር ወጪ ሁለቱም አንከፍልም አሉ። ሶቪየት ለሱዌዝ ቦይ ቀውስ ለተቋቋመው የድርጅቱ ጦርም አልከፈለችም። የዓለም አቀፉ ፍርድ ቤት በ1962፣ በ9 ለ5 ድምፅ፣ ወጪዎቹ የድርጅቱ ወጪዎች ናቸው የሚል የምክር አስተያየት ሰጠ። አንቀጽ 19 ተግባራዊ ይሁን ስትል የምትጎተጉተው ያኔ አሜሪካ ነበረች። ጉባኤው ላለመከፋፈል ሲል የ1964ቱን ስብሰባ ከሞላ ጎደል ያለ ድምፅ አሰጣጥ አሳለፈ። በኦገስት 1965 አምባሳደር አርተር ጎልድበርግ አገራቸው በአቋሟ እንደማትገፋ አስታወቁ፤ አያይዘውም፣ ሌሎች ላለመክፈል መብት ካላቸው አሜሪካም ያው መብት እንዲጠበቅላት ተናገሩ። በኋላ የሆነው ሁሉ በዚያች ማሳሰቢያ ውስጥ ተቀምጦ ነበር ቢባል ማጋነን አይሆንም።

በ1980ዎቹ መጀመሪያ ዋሽንግተን የክፍያ ጊዜዋን ገፋችው። የድርጅቱ ሒሳብ የሚጠየቀው በጃንዋሪ ሲሆን፣ አሜሪካ ግን በኦክቶበር ከሚጀምረው የበጀት ዓመቷ መክፈል ጀመረች። በዚህም የተነሳ፣ ጠብ በሌለበት ዓመት እንኳ፣ የትልቁ ከፋይ ገንዘብ የሚደርሰው ዓመቱ ሊያልቅ ሲል ነው። በ1985 የካንሳሷ ሴናተር ናንሲ ካሰባም ያቀረቡት ማሻሻያ ጸደቀ፤ በበጀት ጉዳይ ድምፅ በመዋጮ መጠን ካልተመዘነ አሜሪካ ከ20 በመቶ በላይ እንዳትከፍል የሚያግድ ነበር። ቻርተሩን ሳይለውጡ ይህን ማድረግ አይቻልም። የተገኘው ከዚያ ያነሰ ነው፦ በዲሴምበር 1986 ጉባኤው የበጀት ጥያቄዎች በተቻለ መጠን በጋራ ስምምነት እንዲወሰኑ ተስማማ። ለትልልቅ ከፋዮች ይህ በስም ያልተጠራ የመቃወም ሥልጣን ነበር።

ስልቱ ጫፍ የደረሰው በ1990ዎቹ ነው። ኮንግረሱ ከ1995 ጀምሮ ለሰላም ማስከበር የሚከፈለው ከ25 በመቶ እንዳያልፍ ወሰነ፤ ድርጅቱ ግን 31 በመቶ ገደማ ይጠይቅ ስለነበር ልዩነቱ በየዓመቱ ተቆለለ። የኒው ጀርሲው ተወካይ ክሪስ ስሚዝ ደግሞ የውዝፉን ክፍያ ከውርጃ ጉዳይ ጋር አያይዘው አስቆሙት። የድርጅቱ ካዝና ሲራቆት ለመደበኛው ሥራ ከሰላም ማስከበሩ ሒሳብ መበደር ተለመደ። ለወታደር ላኪ አገሮች የሚገባው ተመላሽም በዚያው ዘገየ። ስለዚህ በድርጅቱና በዋሽንግተን መካከል ለነበረው ሽኩቻ ዋጋ በቅድሚያ የከፈሉት በጠቡ የሌሉበት፣ ብዙዎቹም ድሆች የሆኑ መንግሥታት ናቸው። ይህ በአሜሪካ ክርክር ውስጥ ብዙም የማይነሳ ሒሳብ ነው።

ድርድሩ የተቋጨው በሴናተር ጄሲ ሄልምስና በጆ ባይደን ስም በሚጠራው የ1999 ሕግ ነው። ሕጉ ዕዳ ስረዛን ጨምሮ 926 ሚሊዮን ዶላር በሦስት ዙር እንዲለቀቅ ፈቀደ፤ ለእያንዳንዱ ዙር ቅድመ ሁኔታ ተቀመጠለት። ከነዚህም ዋናው የመደበኛ በጀት ድርሻው ከ25 ወደ 22 በመቶ እንዲወርድ ነበር። አምባሳደር ሪቻርድ ሆልብሩክ ወራት የፈጀ ልመናና ክርክር ካደረጉ በኋላ፣ በዲሴምበር 2000 ጉባኤው 22 በመቶውን ተቀበለ። የሰላም ማስከበሩ ድርሻም ቀስ በቀስ ወደ 27 በመቶ ገደማ እንዲወርድ ተስማማ። በ2001 ሌሎች አገሮች ሊሸፍኑት ያልተዘጋጁበትን ክፍተት የሞላው የሲኤንኤን መሥራች ቴድ ተርነር የሰጠው 34 ሚሊዮን ዶላር ነው። የዓለም መንግሥታት የበጀት ጉድለት በአንድ ባለጸጋ ቼክ ተዘጋ። ኮንግረሱ ግን ሁለተኛውን ዙር፣ 582 ሚሊዮን ዶላሩን፣ ከያዘበት የለቀቀው ከሴፕቴምበር 11ዱ ጥቃት በኋላ፣ አጋር ፍለጋው ሲጀመር ነው። በዚያው ዓመት ቀደም ብሎ፣ በሜይ፣ አሜሪካ በሰብአዊ መብት ኮሚሽኑ የነበራትን መቀመጫ ለመጀመሪያ ጊዜ በምርጫ አጥታለች።

የዩኔስኮ ታሪክ የዚህ ተቃራኒ ነው። በ1990 እና በ1994 የወጡ የአሜሪካ ሕጎች ፍልስጤምን በሙሉ አባልነት ለሚቀበል የመንግሥታቱ ድርጅት አካል ገንዘብ እንዳይሰጥ ይከለክላሉ። በኦክቶበር 2011 ዩኔስኮ ፍልስጤምን ሲቀበል የበጀቱ 22 በመቶ ወዲያው ቆመ። ሕጉ ለፕሬዚዳንቱ የመደራደሪያ ቀዳዳ አልተወም፤ ድርጅቱም አባልነቱን መሻር የሚችልበት መንገድ አልነበረውም። በ2013 ድምፅ ያጣችው አሜሪካ ራሷ ሆነች። በ2018 መጨረሻ ወጣች፣ በ2023 ውዝፏን ለመክፈል ቃል ገብታ ተመለሰች፣ በ2025 ደግሞ እንደገና እንደምትወጣ አስታወቀች። ፍልስጤም ግን እስካሁን አባል ናት። ሁለቱን ጉዳዮች ጎን ለጎን ያየ ሰው ልዩነቱ ከገንዘቡ መጠን ይልቅ በጥያቄው ዓይነት ላይ መሆኑን አይስተውም፤ በአንደኛው ሊቀነስ የሚችል ቁጥር፣ ገንዘቡን የመልቀቅ ቃልና ተደራዳሪ ነበሩ፤ በሌላኛው ሦስቱም አልነበሩም።

ተመሳሳይ እርምጃ በሌላ የመንግሥታቱ ድርጅት አካል ላይም ታይቷል፦ በኤፕሪል 2020 ፕሬዚዳንት ዶናልድ ትራምፕ በኢትዮጵያዊው ዶክተር ቴድሮስ አድኃኖም የሚመራውን የዓለም ጤና ድርጅት በኮቪድ አያያዙ ወቅሰው ክፍያ አስቆሙ፤ ባይደን በ2021 መለሱት፤ ትራምፕ በጃንዋሪ 2025 የመውጫ ትእዛዝ ፈረሙ። ድርጅቱ ሠራተኛና በጀት ቀነሰ። በሜይ 2025 ደግሞ የቀሩት አባል አገሮች የራሳቸውን መደበኛ መዋጮ በ20 በመቶ ከፍ ለማድረግ ተስማሙ።