ከጽላሎ ወንበር እስከ ስልካችን መስታወት

ከደምበጫ በጅጋ፣ በፍኖተ ሰላምና በቡሬ በሚያልፈው መንገድ ግራና ቀኝ ባደገ ሰው ዘንድ «ዓይነ ስውር እንዴት ዜማ ይማራል?» የሚል ጥያቄ አይነሳም። ጎጃም ይህን ጥያቄ ከመለሰ ዘመናት ተቆጥረዋል።

የዛሬው ጽሑፌ ግን ስለ ፒያኖ ነው፤ በኮምፒውተርና በስልክ ስለሚጫነው ቨርቹዋል ፒያኖ። ከጎጃም ጋር ምን አገናኘው የሚል ካለ ትንሽ ይታገሰኝ።

እማሆይ ገላነሽ ሐዲስን እናስታውስ። ዓይናቸው የጠፋው በልጅነታቸው ነው። ጎጃም ጽላሎ ላይ ቅኔን ከአባታቸው ተማሩ፤ ኋላም ራሳቸው መምህርት ሆነው ወንዶቹን የቅኔ ተማሪዎች አስተማሩ። ሴትነትም ዓይነ ስውርነትም ከወንበሩ አላገዳቸውም።

ይህ የሆነው በአንድ ሰው ተሰጥኦ ብቻ አይደለም። ትምህርቱ ራሱ በሩን ክፍት አድርጎ ነው የተሠራው። ተማሪው ቅኔውን በልቡ ቆጥሮ ለመምህሩ በቃሉ ይነግራል፤ መምህሩም በቃሉ ያርማል። ዜማውም እንዲሁ ነው። በቅዱስ ያሬድ ስም የሚጠራው ዜማ ግዕዝ፣ ዕዝልና አራራይ የሚባሉ ሦስት ስልቶች አሉት። ይዘት፣ ድፋት፣ ቅናት፣ ሒደት የምንላቸው ምልክቶች ደግሞ በብራና ላይ ተጽፈው ይገኛሉ። ይሁን እንጂ ምልክቱ የሚጠቅመው ዜማውን አስቀድሞ ከመምህሩ አፍ ለሰማ ሰው ነው። ዋናው መግቢያ ጆሮ ነበር።

አውሮፓ ወደዚህ የመጣችው በጣት በኩል ነው። ዓይነ ስውሩ ሉዊ ብሬል ፓሪስ ውስጥ ኦርጋን ተጫዋች ነበር። እ.ኤ.አ. በ1829 የነጥብ ጽሕፈቱን ያስተዋወቀበትን መጽሐፍ ሲያሳትም በርዕሱ ላይ ከቃላት ጎን ሙዚቃንና የቤተ ክርስቲያን ዜማን ጠቅሷል። ገና የ20 ዓመት ወጣት ነበር።

ፒያኖም ለጣት የተመቸ መሣሪያ ነው። 88 ቁልፎቹ በዓይን መታየት አያስፈልጋቸውም፤ ጥቁሮቹ ከፍ ብለው ሁለት ሁለት፣ ሦስት ሦስት ሆነው ስለተደረደሩ ጣት የቆመበትን ቦታ ወዲያው ያውቃል። ሬይ ቻርልስና ስቲቪ ዎንደር የተነሱት ከዚህ ነው። ስቲቪ እ.ኤ.አ. በ1976 ሬይ ከርዝዌል የሠራውን የታተመ ጽሑፍ የሚያነብ ማሽን ገዛ። የሁለቱ ወዳጅነት በ1984 ከርዝዌል 250 የተባለውን ኪቦርድ አስገኘ።

ከዚያ ፒያኖው ወደ ስክሪን ገባ፤ ችግሩም የተፈጠረው እዚህ ላይ ነው።

ዓይነ ስውር ኮምፒውተር የሚጠቀመው በስክሪን አንባቢ ነው። ጆውስ የተባለው እ.ኤ.አ. በ1989 ወጣ። ሁለት ዓይነ ስውር አውስትራሊያውያን በ2006 የጀመሩት ኤንቪዲኤ ደግሞ በነፃ የሚታደል ነው። እነዚህ ፕሮግራሞች የሚያነቡት ስም የተሰጠውን ነገር ነው። ብዙ የቨርቹዋል ፒያኖ ሠሪዎች ግን ቁልፎቻቸውን በሥዕል ብቻ ይሠሯቸዋል፤ አንባቢው ሲደርስባቸው ዝም ይላል። ሙዚቀኛው እውነተኛ ኪቦርድ አያይዞ መጫወት ይችል ይሆናል። ድምፅ ለመቀየር ወይም ቅኝቱን ወደ አንቺ ሆዬ ለማስተካከል ሲፈልግ ግን ማውስ የሚይዝለት ሰው መለመን አለበት።

በስልክ ይብሳል። መስታወቱ ላይ ከፍ ያለ ጥቁር ቁልፍ የለም። የአንድሮይዱ ቶክባክ ሲከፈት አንድ ጊዜ ሲነኩት ስሙን ይናገራል፤ ለማዘዝ ሁለቴ መታ መታ ማድረግ ያስፈልጋል። በዚህ አካሄድ ትዝታን መጫወት አይታሰብም። መፍትሔው ግን ከታወቀ ቆይቷል። በአይፎን ላይ ሠሪው የፒያኖውን ክፍል «በቀጥታ ይነካ» ብሎ ካመለከተ አንባቢው ዝም ብሎ ለጣት ይለቃል። የሚጠይቀው ሥራ ትንሽ ነው፤ የሚቀረው ማሰብ ብቻ ነው።

አገራችን የአካል ጉዳተኞችን መብት ስምምነት እ.ኤ.አ. በ2010 አጽድቃለች። የሙዚቃ ኖታን ጨምሮ የታተሙ ሥራዎች ለዓይነ ስውራን በሚመች መልክ እንዲዘጋጁ የሚፈቅደውን የማራካሽ ስምምነትም በ2020 ተቀላቅላለች። ወረቀቱ ሞልቷል። የጎደለው የክራር፣ የበገናና የፒያኖ አፕ የሚሠሩ ወጣቶቻችን ለእያንዳንዱ ቁልፍ በአማርኛ ስም መስጠታቸው፣ ሥራቸውንም ከመልቀቃቸው በፊት አንድ ዓይነ ስውር ሙዚቀኛ ጠርተው ማስሞከራቸው ነው።

ዛሬ በቃሉ ብዙ ዜማ የያዘ፣ ስልክም በእጁ ያለ ዓይነ ስውር ወጣት አለ። ዜማውን በራሱ መሣሪያ ቀርጾ፣ በራሱ ቅኝት አቀናብሮ ማቅረብ ይችል ነበር። ጽላሎ ላይ ያን ጊዜ «ዓይን የላትም» ተብላ ብትተው ኖሮ ገላነሽ የምትባል የቅኔ መምህርት አናውቅም ነበር። እኛስ ዛሬ ስም ባልሰጠነው አንድ ቁልፍ ምክንያት ስንቱን እየተውን ይሆን?